የድካም ዋጋ በጨርጨር

ከአዋሽ ተነሥቶ ወደ ሐረርጌ የሚጓዝ መንገደኛ የጨርጨርን ተራራ ከመውጣቱ በፊት በቆላው ሜዳ ላይ ቦርደዴን ያገኛታል። ግራር የበዛበት፥ ፀሐዩም የጸና አገር ነው። ወደ ድሬዳዋና ወደ ሐረር የሚሄደው መኪና በመካከሏ ስለሚያልፍ ትንሿ ከተማ ቀንም ሌሊትም ጸጥታ የላትም። እኛም በመንገዳችን አንድ ሌሊት እዚያ ማደር ስለ ገጠመን፥ በማግሥቱ ጧት በወፍጮ ቤት ደጃፍ ያየነውንና የሰማነውን ለዚህ ለቤተሰብ ገጽ አንባቢዎች መጻፍ ይገባናል ብለን አሰብን። ነገሩ ከቤት ተነሥቶ ወደ ቤት የሚመለስ ነውና ከዚህ ገጽ የተሻለ ቦታ አላገኘንለትም።

ወፍጮው በሞተር የሚሠራ ነው። ሴቶች ማሽላቸውንና በቆሏቸውን በከረጢት ተሸክመው ተራ ይዘው ቆመዋል። ከመካከላቸው አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት በእህላቸው ከረጢት ላይ ተቀምጠው ነበርና ቀርበን ሰላምታ ሰጠናቸው። ንግግራቸው በኦሮምኛ ስለ ሆነ አብሮን የተጓዘው ባልንጀራችን ይተረጕምልን ነበር። «ወፍጮው ዘገየብዎን?» ብለን ብንጠይቃቸው ሣቁና፥ «አያቴ ቢያዩት ኖሮ ዘገየ አይሉም ነበር» ሲሉ መለሱልን።

የእኒህ እናት አያት በድንጋይ ወፍጮ የሚፈጩት አስቀድመው ለጌታው ቤት ነበር። ዶሮ ሳይጮህ ተነሥተው፥ መጁን ይዘው የታዘዙትን ቁና ይፈጩና ዱቄቱን ተሸክመው ያደርሳሉ፤ ለገዛ ልጆቻቸው ወደ መፍጨት የሚመለሱት ከዚያ በኋላ ነው። «እናቴ እንደ ነገረችኝ፥ ሕፃን ሳለች ከእንቅልፍዋ የሚቀሰቅሳት የመጁ ድምፅ ነበረ፤ ዱቄቱ ግን የነሱ አልነበረም» አሉን።

ይህን ከተጫወትን በኋላ ሌላ ነገር አነሡ። የልጃቸው ልጅ በአዲስ አበባ ከአንድ ሰው ቤት ገብታ ትሠራለች። ሦስት ዓመት ሊሆናት ነው። ደመወዟ በእመቤቲቱ ዘንድ ይጠራቀምላታል ተብሎ ስለ ነበር እስከ ዛሬ ወደ ቤት የመጣ ገንዘብ የለም። የቤታቸው ጣራ ደግሞ ቆርቆሮ ይፈልጋል። «አዲስ አበባ ከገባችሁ ልጂቱን እዩልኝ፤ ገንዘቧ ስንት እንደ ደረሰም ጠይቁልኝ» ብለው አደራ ሰጡን። የሰፈሩን ስምና የስልኩን ቍጥር ጽፈን ተቀበልን። ከወፍጮ ቤቱ ወጥተን ሆጃ እየጠጣን ሳለን፥ የአያቲቱ ወፍጮና የልጅ ልጂቱ ደመወዝ አንድ ነገር መሆናቸው ታሰበን። በሁለቱ መካከል ከመቶ ዓመት የማያንስ ጊዜ አለ፤ ጥያቄው ግን ያው ነው። በሰው ቤት የሚደክም ሰው የድካሙ ዋጋ ስንት ነው? ዋጋውንስ የሚወስነው ማን ነው?

ይህ ጥያቄ አስቀድሞ ከተነሣባቸው የኢትዮጵያ አገሮች አንዱ ከቦርደዴ በላይ የሚታየው ተራራ፥ ጨርጨር ራሱ ነው። ስለዚህ አደራችንን ከማድረሳችን በፊት ወደ አሰበ ተፈሪ ወጣ ብለን ያለፈውን ነገር ማስታወስ ይገባናል።

በ1879 ዓ.ም. ከጨለንቆ ጦርነት በኋላ ሐረርጌ በንጉሥ ምኒልክ ግዛት ሥር ስትሆን፥ ለዘመተው ወታደር በየወሩ የሚከፈል ገንዘብ በመንግሥት ግምጃ ቤት አልነበረም። ስለዚህ ወታደሩ በደመወዝ ፋንታ ገባር ተሰጠው። ገባሩ ከምርቱ ዐሥራት ከመክፈሉም በላይ ለጌታው ቤት ይሠራል፥ አጥር ያጥራል፥ እንጨት ያመጣል፥ በር ይጠብቃል፥ እህል ያጓጕዛል፥ በዘመቻ ጊዜም ስንቅ ይሸከማል። የመንግሥት እንግዳ በመጣ ጊዜ ድርጎ ያወጣል። ይህን ሁሉ ብዙ ሰው ጽፎታል፤ አንባቢዎቻችንም ያውቁታል።

ነገር ግን ስለ ገባር ሲነገር ወንዱ ብቻ የሚታሰብ ይመስለናል። ገባር የተባለው ባልዮው ይሁን እንጂ፥ የተሰጠው መላው ቤተ ሰብ ነበር። እህሉን የሚፈጭ ማን ነው? ውኃውን የሚቀዳ፥ ጌሾውን የሚወቅጥስ ማን ነው? በጌታው ቤት ሠርግ ወይም ተዝካር በሆነ ጊዜ ከየጎጆው የምትጠራው ሚስቲቱ ናት። ነፍሰ ጡርም ብትሆን፥ የምታጠባ ልጅም ቢኖራት ወፍጮው ይጠብቃታል። የባልዋ ድካም ቢያንስ በእህልና በማር፥ በጭነትም ይቈጠራል፤ የሷ ድካም ግን ዱቄት ሆኖ በዚያው ቀን ስለሚበላ ምልክትም አይተው። ያዘዘችውም ሴት ናት። የጌታው ሚስት በግብር ቀን የእንጀራው ብዛትና የጠላው ጥራት ሲመሰገንላት፥ ምስጋናው ለቤቷ አያያዝ ነው ብላ ትቀበለው ነበር። ይህን የምንጽፈው ሙታንን ለመውቀስ አይደለም። ከኛ መካከል አያቱ ወይም ቅድመ አያቱ በዚያ ዱቄት ያልበላ ጥቂት ነውና፥ ነገሩ የሌላ ሰው ታሪክ አድርገን እንዳናነበው ብለን ነው።

አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን አገር በሙሉ በአንድ ቀን ሊታደስ እንደማይችል ስላወቁ፥ አንዱን ግዛት አስቀድሞ አስተካክሎ ለሌላው አርአያ ማድረግ ይሻላል ከሚል ሐሳብ ላይ ደረሱ። የተመረጠውም ጨርጨር ነበር። ምክንያቱንም ለመገመት አያስቸግርም። አገሩ ቡና ያበቅላል፤ ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ የተዘረጋው የምድር ባቡርም በሥሩ በሚኤሶ በኩል ያልፋል። አስቀድመው የተሾሙት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። እሳቸውም በልጅነታቸው ወደ ሩስያ ሄደው የመድፈኛነትን ትምህርት የተማሩ፥ በኋላም የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁ ሰው ናቸው። የአሰበ ተፈሪ ከተማ የጨርጨር ዋና ከተማ ሆና የተቈረቈረችው በሳቸው ዘመን ነው፤ ስሟም ሐሳቡ የማን እንደ ነበር ይናገራል። ዛሬ ጭሮ ትባላለች።

ከሳቸው በኋላ በአውሮጳ አቆጣጠር በ1930 የተሾሙት ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ናቸው። እኒህን ሰው ግን ቶሎ ብለን ልናልፋቸው አንችልም።

ሐኪም ወርቅነህ በ1858 ዓ.ም. አካባቢ በጎንደር ተወለዱ። በ1860 ዓ.ም. መቅደላ በእንግሊዝ ጦር እጅ ስትወድቅ በዚያ ወላጆቹን ያጣ ሕፃን ሆነው ተገኙ፤ አንድ የእንግሊዝ መኰንንም ወደ ሕንድ አገር ወሰዳቸው። እሱ ሲሞት ማርቲን የተባለ ሌላ መኰንን አስተማራቸውና ቻርልስ ማርቲን ተባሉ። በላሆር የሕክምና ትምህርታቸውን ጨርሰው በበርማ በእንግሊዝ መንግሥት ሥራ ሐኪም ሆነው ኖሩ። ከዓድዋ ድል በኋላ የኢትዮጵያ ስም በዓለም ሲሰማ፥ አገራቸውን ሊፈልጉ መጡ። አያታቸው በገላቸው ላይ ባለው ጠባሳ ለይተው ዐወቋቸው ይባላል። ቋንቋውን የማያውቅ፥ የእንግሊዝ ልብስ የለበሰ ጐልማሳ ሐኪም በአያቱ ፊት ቆሞ ጠባሳውን ሲያሳይ ማሰብ ነው።

ይህ ሰው በሕፃንነቱ ከወላጆቹ ተለይቶ በሰው ቤት ያደገ ነውና፥ በኢትዮጵያ ከነበረው ነገር ሁሉ አስቀድሞ ዓይኑ ያረፈው በባርያ ልጆች ላይ መሆኑ የሚያስደንቅ አይደለም። ኢትዮጵያ በመስከረም 1916 ዓ.ም. ወደ መንግሥታት ማኅበር ከገባች በኋላ፥ በዚያው ዓመት በመጋቢት ባሮች ቀስ በቀስ ነፃ የሚወጡበት ዐዋጅ ወጣ። ዐዋጁ ባርያውን ነፃ ነህ ይለዋል፤ ነፃ የወጣው ሰው ግን መሬት የለው፥ ሙያ የለው፥ ዘመድ የለው። ወዴት ይሂድ? ብዙው ከወጣበት ቤት ደጃፍ ተመልሶ፥ በነፃነት ስም በቀለቡ ብቻ ሲያገለግል ይኖር ነበር። ሐኪም ወርቅነህ ነፃ ለወጡ ባሮች ልጆች ትምህርት ቤት ያቋቋሙት ይህን ጉድለት አይተው ነው። ልጁ ማንበብና መጻፍን ተምሮ፥ በእጁም ሥራ ገብቶ በገዛ ድካሙ እንዲበላ ነበር አሳባቸው። እዚህ ላይ ነው እኒህን ሰው ከሌሎቹ መልካም አድራጊዎች የምንለያቸው። ሌላው ሰው ነፃ መውጣቱን እንደ ፍጻሜ ሲቈጥረው፥ እሳቸው እንደ መጀመሪያ ቈጠሩት።

የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት በ1917 ዓ.ም. ሲከፈትም የበላይ ተቈጣጣሪ ሆነው ሠርተዋል። በ1920 ዓ.ም. ስለ ጣና ሐይቅ ግድብ ጉዳይ ወደ አሜሪካ ተልከው ሲሄዱ፥ ከባለ ሥልጣኖችና ከመሐንዲሶች ጋር ተነጋግረው ብቻ አልተመለሱም። በኒው ዮርክ ከተማ ሃርለም ወደሚባለው የጥቁሮች ሰፈር ሄደው፥ ሙያ ያላቸው ጥቁር አሜሪካውያን ወደ ኢትዮጵያ መጥተው እንዲሠሩ ጋበዙ። የባርያ የልጅ ልጅ የሆነው የሃርለም ሰው፥ ራሱን የሚያህል ጥቁር መልእክተኛ ከነፃ መንግሥት መጥቶ «በሙያህ እንፈልግሃለን» ሲለው ምን እንደ ተሰማው መገመት አያስቸግርም።

በጨርጨር ገዥ ሆነው ሲሾሙ የጠበቃቸው የአርአያው ግዛት ሐሳብ ባጭሩ እንዲህ ነበር። ገባሩ ግብሩን በታወቀ ልክ ለመንግሥት ይክፈል፤ ሹሙና ወታደሩም በገባሩ ጕልበት ፋንታ ደመወዙን ከመንግሥት ይቀበል። በወረቀት ላይ ሲታይ ቀላል ነገር ይመስላል። ነገር ግን በዚህ በአንድ መስመር ውስጥ የወፍጮው ነገር አለበት። የሹሙ ሚስት ፈጪ ብትፈልግ ከገባር ጎጆ አታዝም፤ በገንዘቧ ትቀጥራለች ማለት ነው። በግዛቱ መንገድ ሲሠራ፥ ዳኝነት ሲቀና፥ ጽሕፈት ቤት ሲቋቋም ሁሉም ያየው ነበር። ይህኛው ግን በየሰው ጓዳ የሚገባ ስለ ሆነ ከሁሉ ይልቅ የከበደ ነበረ ብለን እናምናለን።

ሁሉ ነገር እንደ ታሰበው ተፈጸመ አንልም። ገዥው ቢፈልጉም የጥንቱን ልማድ በቤታቸው ይዘው የቀሩ ሰዎች ይኖራሉ። ዋናው ጉድለት ግን ሌላ ይመስለናል። ሐሳቡ ከላይ የወረደ ነበር፤ ገባሩን «አንተ ምን ትላለህ?» ብሎ የጠየቀው የለም፤ ሚስቲቱንማ ማን ይጠይቃታል። በጎ ገዥ ሲነሣ በጎው ነገር አብሮት እንዳይነሣ የሚያግደው ተቀባዩ ራሱ የያዘው እንደ ሆነ ነው። ይህም ሳይሆን ቀረ። ሐኪም ወርቅነህ ወደ ሎንዶን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆነው ተላኩ፤ በ1928 ዓ.ም. ጠላት አገሩን ያዘ። ሁለቱ ልጆቻቸው ቢንያምና ዮሴፍ ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ በተፈጸመው እልቂት ተገደሉ። እሳቸው ግን ነፃነት ከተመለሰ በኋላ ወደ አገራቸው ገብተው በአውሮጳ አቆጣጠር በ1952 በአዲስ አበባ ዐረፉ።

ከጠላት መባረር በኋላ የወጡት ሕጎች ጨርጨር ላይ የተጀመረውን ነገር ወደ አገሩ ሁሉ ያደረሱ ይመስላሉ። በነሐሴ 1934 ዓ.ም. ባርነት ፈጽሞ ተከለከለ። በዚያው ዓመት የመሬት ግብር በአንድ ጋሻ፥ ይኸውም 40 ሄክታር ያህል፥ ለለም 15 ብር፥ ለለም ጠፍ 10 ብር፥ ለጠፍ 5 ብር ሆኖ ተወሰነ። በ1937 ዓ.ም. ደግሞ በዐሥራት ፋንታ የሚከፈለው ተጨምሮበት በሐረርጌና በሌሎቹ በርካታ ግዛቶች ለለም 50፥ ለለም ጠፍ 40፥ ለጠፍ 15 ብር ሆነ። የግድ የጕልበት ሥራ በሕግ ቀረ። ነገር ግን ዐሥራቱን በሕግ የሚከፍለው ባለ መሬቱ ሲሆን፥ በተግባር የሚያወጣው ጪሰኛው ነበር። ባለ መሬቱ ከጪሰኛው አውድማ ዐሥር እጅ አንዱን ቈጥሮ ይወስድና፥ ለመንግሥት የተወሰነችውን ብር ከፍሎ የቀረውን ለራሱ ያደርጋል። ከዚያ በላይ ሲሶውን ወይም እኩሌታውን ይወስዳል። ሕጉ ጥሩ ሆኖ ሳለ በመንገድ ላይ እንዲህ የሚጠመዘዝ መሆኑን፥ በጽሕፈት ቤት የኖራችሁ አንባቢዎቻችን ከኛ ይልቅ ታውቁታላችሁ። ዐሥራት የተሻረው በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ሲተካ ነው። ጪሰኝነት የቀረው ደግሞ በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው የገጠር መሬት ዐዋጅ ነው።

ይህን 1960 ዓ.ም. የሚባለውን ዓመት ልብ ልንለው ይገባል። ሐኪም ወርቅነህ ሃርለምን ከጐበኙ ዐርባ ዓመት በሆነበት በዚያው ዓመት፥ በአሜሪካ ደግሞ ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ በዚሁ በድካም ዋጋ ነገር ሕይወታቸውን ሰጡ።

ዶክተር ኪንግን ዓለም የሚያውቃቸው ጥቁርና ነጭ በአንድ አውቶቡስ፥ በአንድ ትምህርት ቤት፥ በአንድ ገበታ እንዲቀመጡ ባደረጉት ትግል ነው። ነገር ግን ያ ትግል ከመጀመሪያውም በቤት ሠራተኞች ትከሻ ላይ የቆመ ነበር። በሞንጎመሪ ከተማ ከ1948 እስከ 1949 ዓ.ም. ጥቁሮች በአውቶቡስ አንሳፈርም ብለው ከአንድ ዓመት በላይ በእግራቸው ሲሄዱ፥ ከተጓዦቹ ብዙዎቹ በነጮች ቤት ምግብ የሚያበስሉና ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች ነበሩ። ጆርጂያ ጊልሞር የተባሉ ምግብ አብሳይ ከሌሎች ሴቶች ጋር ዶሮና ኬክ እየሠሩ በመሸጥ ለትግሉ ገንዘብ ያወጡ ነበር። ከሥራቸው በተባረሩ ጊዜም ዶክተር ኪንግ በገዛ ቤታቸው ምግብ እየሠሩ እንዲሸጡ ረዷቸው። ከዚያ በኋላ የትግሉ ሰዎች በዚያች ማድ ቤት እየተሰበሰቡ ይበሉና ይመክሩ ነበር።

በኋለኛው ዘመናቸው ዶክተር ኪንግ አንድ ነገር በግልጽ ታያቸው። ሰው በገበታ የመቀመጥ መብት ቢያገኝ፥ የምግቡን ዋጋ የሚከፍልበት ከሌለው መብቱ ምን ይረባዋል? ስለዚህ የድኾች ዘመቻ የሚባለውን ጀመሩ፤ ከየነገዱ ድኻውን ሁሉ ሰብስበው ወደ ዋሽንግተን ሊጓዙ አሰቡ። በዚያው መካከል በጥር 23 ቀን 1960 ዓ.ም. በሜምፊስ ከተማ ሁለት ቆሻሻ ጠራጊዎች ዝናብ ሸሽተው በተጠለሉበት መኪና ውስጥ በማሽኑ ተጨፍልቀው ሞቱ። ከዐሥራ አንድ ቀን በኋላ 1,300 የሚያህሉ ጥቁር ሠራተኞች ሥራ አቆሙ። በደረታቸው ላይ የያዙት ጽሑፍ «እኔ ሰው ነኝ» የሚል ነበር። ከደመወዝ ጭማሪ በፊት ይህን መጻፋቸውን እናስተውል። ዶክተር ኪንግ ሊረዷቸው ሄደው በመጋቢት 26 ቀን በዚያች ከተማ ተገደሉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ኮሬታ ገና ባላቸው ሳይቀበር፥ በመጋቢት 30 ቀን ልጆቻቸውን ይዘው በሜምፊስ የሠራተኞቹን ሰልፍ መሩ። በሚያዝያ 8 ቀን ከተማው የሠራተኞቹን ማኅበር ዐወቀ፤ ደመወዛቸውንም ጨመረ።

በዚያው በአውሮጳ ዓመት በ1968፥ በአትላንታ ከተማ ዶሮቲ ቦልደን የተባሉ ከዘጠኝ ዓመታቸው ጀምረው በሰው ቤት የሠሩ ሴት የቤት ሠራተኞችን ማኅበር አቋቋሙ። አስቀድመው ነገሩን ለዶክተር ኪንግ ቢነግሯቸው፥ «አንቺው ራስሽ አድርጊው» የሚል ምክር ነው ያገኙት። ጠዋት ጠዋት በአውቶቡስ ወደ ሥራ ከሚሄዱት ሴቶች ጋር እየተሳፈሩ፥ አንዷን ደመወዝሽ ስንት ነው፥ ሌላይቱን ስንት ሰዓት ትሠሪያለሽ እያሉ ይጠይቁ ነበር። ከጨርጨር የጐደለው ይህ ነበር ብለን እናስባለን። እዚያ ገዥው ስለ ፈጪዋ አሰበ፤ እዚህ ፈጪዋ ራሷ ቈጠረች።

ወደ አገራችንና ወደ አደራችን እንመለስ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፥ በአሠሪው ቤት እየኖረ የሚያገለግል ሠራተኛ ቢኖር፥ አሠሪው ስለ ማደሪያው፥ ስለ ምግቡ፥ ስለ ሥራውና ስለ ዕረፍቱ ጊዜ ጤንነቱና ክብሩ እንዲጠበቅ የሚገባውን ሁሉ እንዲያደርግ ያዛል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ዐዋጅ ግን የቤት ሠራተኛን የሥራ ሁኔታ ለብቻው በሚወጣ ደንብ እንዲወሰን ተወው። ፋብሪካ ውስጥ ክር የምትጠመጥም ልጅና በጓዳ ሽንኩርት የምትከትፍ ልጅ እኅትማማች ቢሆኑ እንኳ በአንድ ሕግ አልተቈጠሩም ማለት ነው።

አዲስ አበባ በገባን በሦስተኛው ቀን ወደ ተነገረን ቤት ሄድን። እመቤቲቱ በመልካም አቀባበል ተቀበሉን። ክፉ ሴት አይደሉም፤ ይህን ለመጻፍ እንወዳለን። ልጂቱን ጠሩልን፥ ንጹሕ ልብስ ለብሳለች፥ ፊቷም የጠገበ ነው። የአያትዋን ሰላምታ ስንነግራት ጎንበስ ብላ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። «እንደ ልጄ ነው የማያት» አሉ እመቤቲቱ። እኛም እውነታቸውን መሆኑን አልተጠራጠርንም። ስለ ገንዘቡ ስንጠይቃቸው ግን ጥቂት ዝም አሉና፥ ልጅ ስለ ሆነች እንዳታባክነው ብለው እንደ ያዙላት፥ ከዚያም ላይ ልብስ እንደ ገዙላት፥ ታማም እንዳሳከሟት ነገሩን። ስንት እንደ ደረሰ ግን በልባቸው እንጂ በጽሑፍ የለም። በዚያን ጊዜ በልባችን ያለፈው፥ ልጃቸው ብትሆን ኖሮ የሕክምናው ዋጋ ከሒሳቧ ይቀነስ ነበርን የሚል ነበር፤ እንግዳ ነንና በአፋችን አላወጣነውም።

ቡናው ቀርቦ ሁለተኛው ሲቀዳ፥ ልጂቱ ወደ ጓዳ ገብታ አንድ የተጣጠፈ ደብተር ይዛ ወጣች። የማታ ትምህርት የምትማርበት ደብተር ነው። በመጨረሻው ገጽ ላይ በእርሳስ የተሠመሩ አጫጭር መስመሮች አሉ፤ በየዐምስቱ አንዳንድ ሰረዝ ተሰርዞባቸዋል። አንዱ መስመር አንድ ወር ነው። ልብስ የተገዛበት ወር አጠገብ ትንሽ ክብ ምልክት አለ፤ የታመመችበትም ወር እንደዚሁ። እመቤቲቱ መነጽራቸውን አስመጥተው ደብተሩን ከጉልበታቸው ላይ ዘረጉና በጣታቸው እያስነኩ መቍጠር ጀመሩ። ሠላሳ አንድ ነበር። ሁለት ጊዜ ቈጠሩት። ከዚያም እስክርቢቶ እንድታመጣላቸው ልጂቱን ላኳት፤ እኛም ቡናችንን ጨርሰን፥ ወደ ቦርደዴ የምንደውልበትን ሰዓት ተነጋግረን ተነሣን።